ሹራቡን ገልጣ ላየችልኝ ሲስተር

ይሄን የምጽፈው አንዲት ነርስ ለማመስገን ነው። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። በዚያ ሌሊት የራሴን ስም ቢጠይቁኝም እንጃ።

ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ነው የተወለደው። እትብቱ ከወደቀ በኋላ እምብርቱ እንደ ትንሽ ኳስ ወጣ አለች። ሲያለቅስ ትወጠራለች፣ ሲተኛ ትገባለች። በክትባት ጊዜ ያየችው ሐኪም "አብዛኛው በራሱ ይዘጋል፣ እስከ 4 እና 5 ዓመት ይጠበቃል" ስላለችን ብዙም አልተጨነቅንም። አማቴ ግን የአንድ ብር ሳንቲም በጨርቅ ጠቅልለው አሰሩበት። ክፋት የላቸውም፣ ሰባት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሳንቲሙ ግን ቆዳውን አቆሰለው እንጂ ምንም አልዘጋ።

ባለፈው ወር አንድ ማታ ከእራት በኋላ ማስመለስ ጀመረ። ለቅሶው የወትሮው አልነበረም። ሰፈር ውስጥ ወዳለ ክሊኒክ ሮጥን። ሰውዬው ከስልኩ ቀና ሳይል "ምን በላ?" አለ። ፓስታ አልኩት። ሽሮፕ ጻፈልን። "እምብርቱ እኮ..." ስል "እሱ የልጆች ነው፣ ይገባል" ብሎ አቋረጠኝ። ሹራቡን አልገለጠም። ሹራብ መግለጥ ምን ይከብዳል?

ሁለተኛ የሄድንበት ትልቅ ቦታ ነው፣ ወለሉ መስታወት ነው የሚመስለው። ልጁ አረንጓዴ እያስመለሰ መጀመሪያ ዲፖዚት አስይዙ አሉን። ባለቤቴ ወንድሙን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ በቴሌብር እስኪያስልክ ድረስ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከተከፈለ በኋላ "የሕጻናት ቀዶ ሐኪም የለንም" አሉ። መጀመሪያ አትናገሩም ነበር ወይ! ስም አልጠራም፣ ንዴቱ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጥቁር አንበሳ ደረስን። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው የገባሁት። ድንገተኛ ክፍሉ ሞልቷል። ይቺ ሲስተር የሌላ ልጅ እጅ ላይ ፕላስተር እየለጠፈች አየችን። እንደጨረሰች መጣችና ምንም ሳትጠይቅ ሹራቡን ገለጥ አደረገች። እምብርቱ ጠቁሮ ድንጋይ ሆኗል። ከመንካቷ በፊት ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። ሁለት እጇን አሻሸች፣ እፍ እፍ ብላ አሞቀች፣ ከዛ "አባቴ፣ ኳስህን ልያት?" አለችው። ያ ሁሉ ሲጮህ ያመሸ ልጅ ዝም ብሎ አያት። በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች። "አልገባም ካለ ስንት ሰዓት ሆነው? ውሃም ጡትም እንዳትሰጪው" አለችኝና ሮጠች። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ወዲያው ዶክተሮቹ መጡ። ብዙ ነገር አስረዱኝ፣ እኔ የገባኝ አንጀቱ በቀዳዳዋ ወጥቶ እንደተቀረቀረና ደም እንዳያገኝ እንደታነቀ ብቻ ነው። ሊነጋጋ ሲል ቀዶ ጥገና ገባ። በር ላይ "አይዞሽ እናቱ፣ በሰዓቱ ነው የደረሳችሁት" ያለችኝም እሷው ነች። ተረኝነቷ አልቆ ጋቢ ደርባ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል ነው ዞር ብላ የመጣችው። አንጀቱ ተርፏል። በሦስተኛው ቀን ወጣን።

እናቶች፣ የልጃችሁ እምብርት ወጣ ገባ ካለ አትደንግጡ፣ አሳዩትና ተከታተሉት። ሳንቲም አትሰሩበት። ግን ከደነደነ፣ አልገባ ካለ፣ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ሲነካ ካመመው ወይ ካስመለሰው እስኪነጋ አትጠብቁ። የሕጻናት ቀዶ ሐኪም ያለበት ቦታ ይዛችሁት ብረሩ። እኔ ጥቁር አንበሳን እጠቁማለሁ፣ ደግሜም እጠቁማለሁ። ወረፋው ያደክማል፣ ወንበር አታገኙም፣ እኛ መድኃኒትም ከውጭ ገዝተናል። ሰዎቹ ግን ገልጠው ያያሉ።

ሲስተርዬ፣ ይሄ ከደረሰሽ፣ ልጁ አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ሹራቡን ሰቅሎ ሆዱን እያሳየ "ኳሴን ሲስተል ወሰደች" ይላል። ስርቆት እንዳይመስልብሽ እያስረዳንልሽ ነው።