ሴጅፎርድ፦ የ1256ቱ ማዕድና የ1424ቱ

በእንግሊዝ አገር ኖርፎክ ውስጥ ያለችው የሴጅፎርድ መንደር የኖርዊች ካቴድራል መነኮሳት ሁዳድ ነበረባት። መነኮሳቱ ለአጫጆች ያበሉትን ይመዘግቡ ስለነበር ሁለቱን ዘመን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በ1256 ለአጫጁ የሚቀርብለት በአብዛኛው የገብስ ዳቦና አይብ ነው፤ ሥጋ ለምልክት ያህል። ሰው በዝቶ መሬት ጠቦ ስለነበር ባለ ሁዳዱ ሠራተኛ አያጣም፤ አንዱ ቢያኮርፍ ሌላው ደጅ ይጠናል። ግጦሹም ታርሶ አልቋል፤ ከብት ከየት ይምጣ?

በ1348 ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ ገባና ከሕዝቡ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ጨረሰ።

በ1424 ዳቦው ስንዴ ሆኗል፤ ለሁለት ፓውንድ (አንድ ኪሎ ገደማ) ዳቦ አንድ ፓውንድ ያህል ሥጋ ይጨመራል። ኤል የሚሉት የብቅል መጠጥም (ጌሾ ያልገባበት ጠላ በሉት) በገፍ ይቀዳል። በ1351 የወጣው ሕግ ደመወዝ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እንዳይበልጥ ከልክሎ ነበር። ግን አዝመራው ደርሶ አጫጅ ሲጠፋ ማን ሕግ ይጠቅሳል? ለእኔ ከሕጉ ይልቅ የምሳው ሳህን እውነቱን ይናገራል።

ለአጫጁ ያለ ጥርጥር የኋላው ይሻላል። ለመንደሩ ግን አይደለም። እህል ረክሶ የሠራተኛ ዋጋ ሲወደድ ብዙ ባለ መሬቶች እርሻውን ትተው ወደ በግ ዞሩ፤ ለመንጋ አንድ እረኛ ይበቃላ። በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሽር ያለችው የዋራም ፐርሲ መንደር 1500 አካባቢ የቀሩት ጥቂት ቤተሰቦች ተነሥተው ለበግ ተለቀቀች። ዛሬ የቆመው ጣሪያ የሌለው ቤተ ክርስቲያኗ ነው፤ የቤቶቹ መሠረት ከሣሩ ሥር እንደ እብጠት ይታያል።