ተጣጣፊ ወይስ መደበኛ ብስክሌት፦ ለፎቅ ነዋሪ የትኛው ይስማማል?

በልደታ ወይም በአራት ኪሎ አካባቢ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው፣ የብስክሌት ምርጫ ከመንገዱ በፊት ከደረጃው ይጀምራል።

ክብደትን ብቻ የሚያይ ይሳሳታል፤ ተጣጣፊውም ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ከመደበኛው እምብዛም አይቀልም። ልዩነቱ ቅርጹ ነው፦ ከታጠፈ በኋላ በጠባብ ደረጃ ላይ ግድግዳ ሳይቧጭር ያልፋል፣ ከበር ጀርባም ይቀመጣል። መደበኛው ግን ወይ ሳሎኑን ያጣብባል፣ ወይ ከደረጃው ሥር ታስሮ ለሌባ ይጋለጣል፤ እኔ በበኩሌ ይህን ስጋት ከሁሉም አስቀድማለሁ።

በመንገድ ላይ ሚዛኑ ይለወጣል። የተጣጣፊው ጎማ በአብዛኛው 16 ወይም 20 ኢንች በመሆኑ በኮብልስቶንና በጉድጓድ ላይ ያንገጫግጫል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው መሀል ከተማ፣ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ሲወጣም ማርሹ ጥቂት ከሆነ ትንፋሽ ያሳጥራል። ማጠፊያው ከላላ አደገኛ ስለሆነም በየጊዜው መፈተሽ አለበት።

በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት የብስክሌት መስመሮች አጭር ርቀት ለሚሄድና ብስክሌቱን ቢሮው ድረስ ይዞ ለሚገባ ተጣጣፊው ይስማማል፤ ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ኖሮት በየቀኑ ዳገት ለሚወጣ ግን መደበኛው ይሻላል።