ሀዋሳ ላይ መኪናችን አልነሳ ሲል፡ አከራዩ፣ ጋራዡና ቴስተር የያዙት ጋሼ

ሰላም፣ ከቨርጂኒያ ለእረፍት ሄጄ በቅርብ ነው የተመለስኩት፣ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል ብዬ የተጠቀምኩበትን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ራይድና ፈረስ የሚባሉትን በስልክ ታክሲ መጥሪያዎች ያለ ችግር ተጠቅሜያለሁ፣ ቴሌብር ትንሽ ሱቅ ውስጥ ሳይቀር ይሰራል፣ ሀዋሳ ያረፍንበት ሆቴል ሙቅ ውሃው ደስ ሲለው ነው የሚመጣው እንጂ ንፁህ ነው፣ ቁርሱም አይከፋም። እነዚህን በዚህ ልለፋቸውና ስለ መኪናው ላውራ፣ ጉዱ ያለው እዛ ነው።

የተከራየነው አውቶማቲክ ያሪስ ነው፣ በሰው በሰው ያገኘነው ግለሰብ ነው ያከራየን። እማዬን ይዤ በሞጆ በዝዋይ አድርገን ሀዋሳ እስክንገባ ኮሽ አላለም። በማግስቱ ጠዋት አሞራ ገደል ሄደን ዓሳ እንብላ ብለን ቁልፉን ሳዞረው "ተክ" ብሎ ዝም። ዳሽቦርዱ ይበራል፣ ሬዲዮው ያወራል፣ ሞተሩ ግን ጭራሽ አይዞርም። ጥበቃውና እዛ የነበሩ ልጆች ወዲያው መጥተው ካልገፋን አሉ፣ ኧረ አውቶማቲክ ነው በግፊ አይነሳም ብላቸው "ግድ የለም እህቴ ትንሽ እንሞክረው" (አገራችን ላይ የቆመ መኪና አይቶ ሳይገፋ የሚያልፍ ወንድ ያለ አይመስለኝም)።

አከራዩ ጋ ደወልኩ። ሳያስጨርሰኝ "ባትሪ ነው፣ ግዢና ስትመለሺ እንተሳሰባለን" አለ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ሀዋሳ ያለ መኪና በስልክ መረመረ ማለት ነው። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ እቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል፣ ባትሪ እንደ ድሮው በኪስ ብር የሚገዛ ነገር አይደለም። ደግነቱ ሆቴሉ ግቢ የነበረ የሚኒባስ ሹፌር ገመድ አውጥቶ ከሱ ባትሪ ወደ እኛ ባትሪ አያያዘልን፣ አሁንም ያው "ተክ"። ባትሪው ብቻ ቢሆን ኖሮ መነሳት ነበረበት አይደል?

ቀጥሎ ሆቴሉ ከአንድ ጋራዥ ሰው አስጠራልን። ልጁ ትሁት ነው፣ ስካነር ይዞ መጣ፣ ሰካው፣ "ምንም የብልሽት ኮድ የለም፣ ስለዚህ ሞተሪኖው ሞቷል፣ ይፈታና ያገለገለ ከሶማሌ ተራ እናስመጣለን" አለ (ሞተሪኖ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ነው)። ለመፍቻው ብቻ የጠራው ዋጋ ራሴን አዞረኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም ግን ስካነር ሁሉን አያይም፣ የሚያነበው ኮምፒውተሩ የመዘገበውን ነው። ሞተሩ እየዞረ እሳት አልይዝ ቢል ኖሮ ይጠቅም ነበር፣ የክራንክ ሴንሰር ቢበላሽ ለምሳሌ ፒ0335 የሚል ኮድ ሊሰጥ ይችላል፣ ካልሆነም ወደ ነዳጅ ፓምፕና ካንዴላ ይኬዳል። የኛ ግን ከነጭራሹ አይዞርም፣ ያ ማለት ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ፣ ገመድ ወይ ሞተሪኖ አካባቢ ነው፣ ከነሱ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ለክቶ ማየት እንጂ ኮድ ስለጠፋ ሞተሪኖ ነው አይባልም። አመስግኜ ሸኘሁት፣ ለመምጫው ከፍያለሁ።

ጥበቃው ነው "አንድ የመኪና ኤሌትሪክ የሚሰሩ ሰውዬ አሉ" ብሎ የደወለልን። ጋሼ በባጃጅ መጡ፣ እድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ፣ የያዙት አንድ የመሳሪያ ቦርሳ ብቻ። መጀመሪያ ምንም አልነኩም፣ "ይዞራል ወይስ ይጠቅታል ብቻ?" ብለው ጠየቁኝና መልሴን እስከመጨረሻው ሰሙኝ፣ ከዛ በፊት ያነጋገርኳቸው ወንዶች ይሄን አላደረጉም። ኮፈኑን ከፍተው ባትሪውን በቴስተር (በኤሌትሪክ መለኪያ) ለኩ፣ 12.5 ቮልት። ሙሉ ባትሪ 12.6 ገደማ ስለሆነ ደህና ነው። "አሁን አስነሺው" አሉኝ፣ ሳዞረው ቁጥሩ ብዙም አልወረደም። ሞተሪኖው ጉልበት እየሳበ ቢሆን ወደ 10 አካባቢ ይወርድ ነበር፣ እዚህ ግን ጭራሽ ሀይሉ እየደረሰው አይደለም ብለው አስረዱን። ከዛ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርገው እንደገና አስነሺ አሉ፣ ከግማሽ ቮልት በታች መሆን የነበረበት ከ8 በላይ አሳየ። "ማሳ ነው" አሉ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ማለታቸው ነው፣ ድምፃቸው እንኳን አልተቀየረም።

ለማረጋገጥ የሚኒባሱን ገመድ ተውሰው ከኔጌቲቩ ቀጥታ ሞተሩ ብረት ላይ አገናኙት፣ ቁልፉን ሳዞረው ባንዴ ተነሳ! እማዬ እልል አለች፣ የሆቴሉ አስተናጋጆች ሳይቀሩ ወጥተው አዩን። ሹፌሩ ቅድም ሊያስነሳልን ያልቻለው ገመዱን ባትሪው ላይ ስለያዘው ነው፣ ሀይሉ መመለሻው ያው የተበላሸው ገመድ ነበራ፣ ሞተሩ ብረት ላይ ቢይዘው ያኔውኑ ሊነሳ ይችል ነበር።

የማሳው ገመድ ጊርቦክሱ ጋ የታሰረበት ቦሎን ላልቷል፣ ከስሩ ዝገት በዝገት ነው። ከዚህ በፊት ሰው ፈትቶት ሳያፀዳ እንደመለሰው ያስታውቃል። ጋሼ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው አጠበቁት፣ ግሪስ ቀቡት፣ ከዛም ሞተሩ እየሰራ ዲናሞው ባትሪውን መሙላቱን ለኩ፣ 14.1፣ ጥሩ ነው አሉ። እቃ አልተገዛም። 800 ብር ጠየቁኝ፣ ጨምሬ ስሰጣቸው የባጃጁን ብቻ ተቀበሉኝ።

አከራዩ መኪናውን ስመልስ 800ውን ብር ከኪራዩ ቀንሶልኛል፣ ባትሪ ግዢ ስላለው ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም፣ ስለዚህ መኪናው ሶስት ኮከብ እሱ ሁለት። ከግለሰብ የምትከራዩ ከሆነ መንገድ ላይ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል ከመውጣታችሁ በፊት በፅሁፍ ተነጋገሩ፣ ቴስተርም አንድ ሻንጣችሁ ውስጥ ጣል አድርጉ፣ እዚህ አሜሪካ በርካሽ ይገኛል። የጋሼን ስልክ ሳላስፈቅዳቸው እዚህ አልፅፍም፣ ሀዋሳ ላይ ብትቸገሩ ግን ሀይቁ ዳር ያሉ የሆቴል ጥበቃዎችን ጠይቁ። እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን ስለሚሄዱ ከ4 ሰዓት በፊት ስልክ አያነሱም።