መኪና ይዞ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ መዛወር፦ ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ?

ከዳላስ፣ ከሂዩስተን ወይም ከኮሎምበስ ተነስቶ ወደ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚዛወር ወገን አስቀድሞ የሚጠይቀው የቤት ኪራይ ስንት እንደሆነ ነው። መኪናው ከዕቃው ጋር አብሮ የሚመጣ ንብረት ተደርጎ ስለሚታሰብ፣ ስለ እሱ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ ውሉ ተፈርሞ፣ ዕቃው ወርዶ፣ የመጀመሪያው የቅጣት ወረቀት የፊት መስታወቱ ላይ ከተገኘ በኋላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት የሚል ነው። በዚህ አካባቢ የመኪናው ወጪ በመኪናው ዓይነት ብቻ ሳይሆን በሚያድርበት አድራሻ ስለሚወሰን፣ ኪራዩና መኪናው እንደ አንድ ሒሳብ ተደምረው ካልታዩ በቀር ርካሽ የመሰለው ቤት ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሰው በአንድ ቃል «ዲኤምቪ» የሚለው አካባቢ በመኪና ጉዳይ ሦስት የተለያዩ መንግሥታት ያሉበት ነው፤ የዲሲ ከተማ አስተዳደር፣ የሜሪላንድ ስቴትና የቨርጂኒያ ስቴት። ከአንዱ ወደ ሌላው በባቡር የሚወስደው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ላይበልጥ ይችላል፤ የመኪና ታክሱ፣ ምርመራውና የፓርኪንግ ደንቡ ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ዲሲ፦ ፈቃዱ ርካሽ፣ ቦታው ብርቅ

ዲሲ ውስጥ ለመኖር የሚወስን ሰው መኪናውን የሚያሳድረው ወይ መንገድ ዳር ወይ ወርሃዊ ክፍያ ባለው ጋራዥ ነው። መንገድ ዳር ለማሳደር የሚያስፈልገው የነዋሪዎች የፓርኪንግ ፈቃድ ለመጀመሪያው መኪና በዓመት 50 ዶላር፣ ለሁለተኛው 75 ዶላር ስለሆነ፣ ከሌሎች ትልልቅ ከተሞች ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን የተከፈለበት ነገር ቦታ ሳይሆን ቦታ የመፈለግ መብት ነው። በኮሎምቢያ ሃይትስ፣ በአዳምስ ሞርጋን ወይም በዩ ስትሪት ዙሪያ ከሥራ ማታ የሚመለስ ሰው ፈቃዱ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ እያለ እንኳ ሰፈሩን ደጋግሞ መዞር ሊኖርበት ይችላል። በአንጻሩ ወደ ከተማዋ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ወደ ብራይትዉድና ታኮማ በኩል፣ የመኖሪያ ቤቶቹ ሰፋ ሰፋ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ችግሩ በእጅጉ ይቀልላል።

ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚፈርምበት ሌላ ነገር አለ። ሁሉም አድራሻ ለዚህ ፈቃድ ብቁ አይደለም። በተለይ በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት ትልልቅ አፓርታማዎች አንዳንዶቹ የግንባታ ፈቃድ ሲያገኙ ነዋሪዎቻቸው የመንገድ ፓርኪንግ ፈቃድ እንዳይወስዱ ተስማምተው ነው የተሠሩት፤ እንዲህ ያለ ሕንፃ ውስጥ የተከራየ ሰው የሕንፃውን ጋራዥ ከመከራየት ሌላ አማራጭ አይኖረውም። የጋራዡ ኪራይ በመሐል ከተማ በወር ከ200 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በ250 ዶላር ቢሰላ በዓመት 3,000 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት አድራሻው ለነዋሪ ፈቃድ ብቁ መሆኑን ከከተማዋ የመኪና ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ግድ ነው፤ የአከራዩ ወኪል የሚሰጠው የቃል ማረጋገጫ በቂ አይደለም።

መንገድ ዳር ማሳደር የሚጠይቀው ንቃትም በሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። በብዙ ሰፈሮች ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ በአሜሪካ የቀን አቆጣጠር ማለት ነው፣ በሳምንት አንድ ቀን ለጽዳት መንገዱ በአንድ በኩል መለቀቅ አለበት፤ ያላነሳ 45 ዶላር ይቀጣል። በዋና ዋና ጎዳናዎች ደግሞ ጠዋትና ማታ የትራፊክ መጨናነቅ በሚበዛበት ሰዓት ማቆም የተከለከለ ስለሆነ መኪናው ተጎትቶ ሊወሰድ ይችላል። ቅጣቱ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ካልተከፈለ ወይም ክርክር ካልቀረበበት እጥፍ ይሆናል፤ ያልተከፈሉ ቅጣቶች የተጠራቀሙበት መኪና ደግሞ ጎማው ይቆለፋል። የሌሊት ሠራተኛ የሆነና ቀን የሚተኛ ሰው ይህን ሥርዓት ከሌላው ይልቅ አጥብቆ ሊያስብበት ይገባል፤ ምክንያቱም የጽዳቱ ሰዓት የሚውለው እሱ እንቅልፍ ላይ ባለበት የሥራ ቀን ነው።

የመኪናው ክብደትም ዲሲ ውስጥ ገንዘብ ነው። ዓመታዊው የምዝገባ ክፍያ ከ3,500 ፓውንድ በታች ለሆነ ቀላል መኪና 72 ዶላር ሲሆን፣ 6,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ግን 500 ዶላር ይደርሳል። ቴክሳስ ውስጥ ትልቅ ፒክአፕ መንዳት የለመደ ሰው ይህን ልዩነት በየዓመቱ ይከፍለዋል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ማቆሙ የሚያመጣው ጣጣ ሳይቆጠር ነው።

ሜሪላንድ፦ መግቢያው ላይ የሚከፈል፣ ከዚያ በኋላ የሚቀልል

ሲልቨር ስፕሪንግ የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ የሆነችው ያለምክንያት አይደለም። በቀይ መስመር ባቡር ከመሐል ዲሲ ጋር ተያይዛለች፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ራይድ ኦን አውቶቡሶችም ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ክፍያ ያገለግላሉ። ከመሐሏ ወጣ ብለው በተሠሩት የቆዩ አፓርታማዎች የመኪና ማቆሚያው ብዙ ጊዜ ከኪራዩ ጋር ተካትቶ ይገኛል፤ መሐሏ ላይ ባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች ግን በብዛት ለብቻው ስለሚከፈል፣ ከሕንፃው ጋራዥና ካውንቲው በወር ከሚያከራያቸው የሕዝብ ጋራዦች የትኛው እንደሚሻል ማወዳደር ይገባል።

ሜሪላንድ የምትጠይቀው ዋናው ወጪ የሚመጣው በመግቢያው ላይ ነው። አዲስ ነዋሪ በ60 ቀን ውስጥ መኪናውን ወደ ሜሪላንድ ማዛወር አለበት፤ ይህን በቀጠሮው ካደረገ በቀድሞ ስቴቱ የከፈለው የመኪና ታክስ ይታሰብለታል። የሜሪላንድ ታክስ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 6.5 በመቶ ስለሆነ፣ ቴክሳስ ውስጥ 6.25 በመቶ የከፈለ ሰው የሚጠየቀው ትንሿን ልዩነት ነው፤ ዝቅተኛው ክፍያ ግን 100 ዶላር ነው። ቀጠሮውን አሳልፎ ቅናሹን ማጣት በገዛ እጅ ገንዘብ መጣል ስለሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ «ስደላደል አደርገዋለሁ» ማለት አይጠቅምም።

መኪናው ከዚህ በተጨማሪ ፈቃድ ባለው ጋራዥ የደኅንነት ምርመራ ማለፍ አለበት። ቴክሳስ ከጥር 2025 ጀምሮ ለቤት መኪናዎች የደኅንነት ምርመራን ስላስቀረች፣ ከዚያ የሚመጣ አሮጌ መኪና ፍሬኑ፣ ጎማውና የመሪ ዕቃዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥብቅ የሚታዩት እዚህ ሊሆን ይችላል። መኪናው ያረጀ ከሆነ ከመነሳቱ በፊት በሚያምኑት መካኒክ አስመርምሮ የጥገናውን ዋጋ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጥገናው የመኪናውን ዋጋ ግማሽ የሚበላ ከሆነ ከዳላስ ዲሲ ያለውን 1,300 ማይል ያህል መንገድ ይዞት መምጣት ትርጉም የለውም። ከዚህ በኋላ የሚቀረው በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው የጭስ ምርመራና የምዝገባ ዕድሳቱ ነው፤ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ላይ የሚጣል የግል ንብረት ታክስ በሜሪላንድ የለም።

ቨርጂኒያ፦ በየዓመቱ የሚመለሰው ታክስ

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለው ሒሳብ ተቃራኒ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተማው ወይም ካውንቲው በመኪናው ዋጋ ላይ በየዓመቱ ታክስ ይጥላል፤ አዲስ መጤዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጣቸውም ይህ ነው። አርሊንግተን ካውንቲን ብንወስድ ተመኑ በየ100 ዶላሩ 5 ዶላር ነው፤ 20,000 ዶላር የሚገመት መኪና ያለው ሰው ሒሳቡ ከ1,000 ዶላር ይነሳል ማለት ነው። ስቴቱ ለግል መገልገያ መኪና እስከ 20,000 ዶላር ባለው ዋጋ ላይ የተወሰነውን ድርሻ ስለሚሸፍን በመጨረሻ የሚከፈለው ከዚህ ያንሳል፤ ይሁን እንጂ ክፍያው መኪናው እስካለ ድረስ በየዓመቱ ይመጣል። በዚህ ምክንያት አዲስና ውድ መኪና ያለው ሰው ከቨርጂኒያ ይልቅ ሜሪላንድ ይሻለዋል፤ አሥር ዓመት ያለፈው ርካሽ መኪና ያለው ግን የቨርጂኒያው ታክስ ያን ያህል አይከብደውም። የምዝገባው ቀጠሮም እዚህ አጭር ነው፤ 30 ቀን ብቻ። የደኅንነት ምርመራውም በየዓመቱ ነው።

የቨርጂኒያ ጥቅም ማቆሚያ ማግኘት ቀላል መሆኑ ነው። በኮሎምቢያ ፓይክ፣ በስካይላይንና በቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ፣ የሐበሻ ሱቁና ምግብ ቤቱ በብዛት ባለበት፣ ብዙዎቹ አፓርታማዎች የየራሳቸው ማቆሚያ አላቸው። ችግሩ እነዚህ ሰፈሮች የሜትሮ ባቡር የሌላቸው መሆኑ ነው፤ አውቶቡስ አለ፣ ባቡር ግን የለም። ስለዚህ እዚያ የሚኖር ሰው መኪናውን ሸጦ ያለ መኪና ለመኖር ይቸገራል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ በኪንግ ስትሪት ወይም በብራዶክ ሮድ ጣቢያ አጠገብ የሚከራይ ሰው ግን ሰማያዊና ቢጫ መስመር ባቡር ከደጁ ያገኛል፤ የከተማዋ ዳሽ አውቶቡሶችም ከመስከረም 2021 ጀምሮ ነፃ ናቸው። ከቨርጂኒያ ወደ ዲሲ በመኪና ለመመላለስ የሚያስብ ሰው ደግሞ በ66 አውራ ጎዳና የቀለበት መንገዱ ውስጠኛ ክፍል በሥራ ቀናት የመጨናነቅ ሰዓት ብቻውን የሚነዳ ሰው እንደ ትራፊኩ ብዛት የሚለዋወጥ ክፍያ እንደሚከፍል ይወቅ።

መኪናው ይምጣ ወይስ ይሸጥ?

ይህን የሚወስነው ከምንም በላይ የሥራ ሰዓት ነው። ሜትሮ በሥራ ቀናት የሚከፈተው ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 5 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚዘጋው እኩለ ሌሊት ነው። በሬገን ወይም በደለስ አየር ማረፊያ፣ በሆስፒታል ወይም በሆቴል ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት ሥራ የሚገባ ሰው ባቡር ጣቢያው ከቤቱ ፊት ለፊት ቢሆን እንኳ አይጠቅመውም። ለእሱ መኪናው የእንጀራው መሣሪያ ስለሆነ፣ ትክክለኛው ምርጫ ነፃ ማቆሚያ ያለው የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ አፓርታማ ነው፤ መሐል ዲሲ መከራየት ለእሱ አይመከርም። ሁለት ልጅ ያላቸው፣ አንዱ ወላጅ ማታ ሌላው ቀን የሚሠራ ባልና ሚስትም በዚሁ ይመደባሉ።

በመደበኛው ሰዓት መሐል ከተማ ቢሮ የሚሠራ ብቸኛ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የባቡሩ ዋጋ በሥራ ቀን እንደ ርቀቱ ከ2.25 እስከ 6.75 ዶላር ሲሆን፣ ገደብ የሌለው ወርሃዊ ፓስ ከ72 እስከ 216 ዶላር ይገዛል። ይህም ማለት በጣም ውዱ ፓስ እንኳ ከብዙ የመሐል ከተማ ጋራዦች ወርሃዊ ኪራይ ያንሳል፤ ኢንሹራንሱ፣ ቤንዚኑና ጥገናው ገና ሳይጨመር። እንዲህ ያለ ሰው መኪናውን ሸጦ፣ ለገበያና ለሰርግ ለለቅሶ ሲያስፈልገው በሰዓት የሚከራየውን እንደ ዚፕካር ያለ መኪና ቢጠቀም በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር ይተርፈዋል። ለመወሰን የሚያመነታም ቢሆን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት መኪናውን በቀድሞው ከተማ ለዘመድ ትቶ ሳይነዳ ኖሮ ማየት ይችላል።

ብዙዎች የሚሞክሩት አንድ መንገድ አለ፤ ዲሲ እየኖሩ መኪናውን በሌላ ስቴት ባለ ዘመድ አድራሻ አስመዝግቦ መቆየት። ይህ በፍጹም አይመከርም። ዲሲ የሌላ ስቴት ታርጋ ይዘው ተደጋግመው መንገድ ዳር የሚያድሩ መኪናዎችን የሚመዘግብና የሚያስጠነቅቅ አሠራር አላት፤ ከዚህ የሚብሰው ግን ኢንሹራንስ ዋጋው የሚሰላው መኪናው በሚያድርበት ዚፕ ኮድ መሠረት መሆኑ ነው። አደጋ ደርሶ መኪናው በእውነት የሚያድረው ሌላ ቦታ እንደሆነ ከታወቀ ኩባንያው ካሣውን ሊከለክል ይችላል። በወር የተቆጠበው ጥቂት ዶላር የተጎዳ ሰው የሕክምና ዕዳ አይሸፍንም። ስለዚህ አዲሱ አድራሻ ሳይፈረም፣ በእጩነት ለተያዙት ሁለትና ሦስት ዚፕ ኮዶች ለየብቻ የኢንሹራንስ ዋጋ ማስወጣት የንጽጽሩ አንድ አካል መሆን አለበት።

ለመሸጥ የወሰነ ሰው ሽያጩን ከመነሳቱ በፊት በቀድሞው ስቴት ቢጨርስ ይሻላል፤ ይዞ መጥቶ እዚህ መሸጥ ታርጋውንና ታይትሉን (የባለቤትነት ሰነዱን) የማዛወር ጣጣ ያስከትላል። መኪናው ዕዳ ካለበት ታይትሉ በአበዳሪው እጅ ወይም በአበዳሪው ስም ስለሚገኝ፣ የቀሪውን ዕዳ መጠን ጠይቆ የመክፈያውን ሂደት ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። ቴክሳስ ውስጥ የሚሸጥ ታርጋውን ፈትቶ ያስቀር፤ መሸጡንም በ30 ቀን ውስጥ ለስቴቱ ያስታውቅ፤ አለበለዚያ ገዢው የሚያመጣው የመንገድ ክፍያና ቅጣት በቀድሞው ባለቤት ስም ሊመጣ ይችላል። ኢንሹራንሱም መሰረዝ ያለበት ታርጋው ከተፈታና ማስታወቂያው ከገባ በኋላ ነው።