ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ የቱ ይሻላል? ሱድበሪ፣ የቤት ትምህርት፣ ቢግ ፒክቸር ወይስ ሞንተሶሪ

ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ባለፈው ጥር አንድ ጠዋት አንዱን ጫማ አድርጋ፣ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ማሚ፣ ዛሬ አልሄድም» አለችኝ። አላመማትም። የነካትም የለም። ውጤቷም ደህና ነው። «የሚጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። እኔ ምን ማወቅ እንደምፈልግ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።»

የአበሻ ወላጅ መልስ የታወቀ ነው። «እኛ እኮ በባዶ እግራችን...» ብዬ ጀመርኩ። መሃል ላይ አፈርኩና ተውኩት። እኔ አዲስ አበባ በታክሲ ነው የተማርኩት።

ከዚያ ወዲህ ተማሪውን መሃል ያደረገ ትምህርት የሚባለውን ስፈትሽ ከረምኩ። ድረ ገጻቸውን ካያችሁ ሁሉም አንድ ናቸው። ሣር ላይ የተቀመጠ ልጅ፣ ጊታር፣ ፈገግታ። ልዩነቱ የሚታየው ሁለት ነገር ስትጠይቁ ነው፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ልጁ ምን እያደረገ ነው? በዚያ ሰዓት እናንተስ የት ናችሁ? ሁለተኛውን ሰው ይረሳዋል። እኔና ባለቤቴ የምንሠራው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ለእኛ የወላጅ ሰዓት ከክፍያው እኩል ዋጋ ነው። የምጽፈው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለ ወላጅ ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሱድበሪ

ስሙ የመጣው በ1968 ፍራሚንግሃም፣ ማሳቹሴትስ ከተከፈተው ሱድበሪ ቫሊ ትምህርት ቤት ነው። ለእኛ የሚቀርበው አፐር ማርልቦሮ፣ ሜሪላንድ በ1998 የተከፈተው ፌርሄቨን ነው። ደወል የለም፣ ፈተና የለም፣ ውጤት የለም። ልጆች በዕድሜ አይከፋፈሉም። ሂሳብ መማር የፈለገ ልጅ ከሠራተኞቹ አንዱን ይጠይቅና ቀጠሮ ይይዛሉ። ካልፈለገ አይማርም። ወሩን ሙሉ ጌም ሲጫወት የሚውል ልጅም ይኖራል። ዘመድ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ክፍያው ለምንድን ነው?» ይላል፤ ጥያቄው ትክክል ነው።

መልሱን ያገኘሁት በዚህ ሥርዓት የሚሠራ አንድ ትምህርት ቤት ልንጎበኝ የሄድን ቀን ነው። የፍትሕ ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበር። 15 ዓመት የሚሆነው ልጅ ክስ ያነባል፦ ማካሮኒ የተበላበት ሳህን ሶፋ ላይ ተትቷል። ተከሳሹ ዘጠኝ ዓመት የሚሞላው አይመስልም። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። ሁለት ቀን ሳህን እንዲያጥብ ተወሰነበት። ቀጥሎ የቀረበው ተከሳሽ ጎልማሳ ሠራተኛ ነበር። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ኪሱ ከቶ ቤቱ ሄዷል። እሱም ተጠየቀ፣ እሱም አመነ። እኔ በልጅነቴ የክፍል አለቃ ነበርኩ፤ የሚረብሹትን ስም ጽፌ ለመምህር እሰጥ ነበር። የመምህሩን ስም መጻፍ ግን በሕልሜም አልመጣብኝ። ልጄን ከዚያ ክፍል ጎትቼ ነው ያወጣኋት።

በሳምንታዊው ጉባኤ ትንሹም ትልቁም አንድ አንድ ድምፅ አለው። ሠራተኞቹ እንኳን የሚቀጥሉት በድምፅ ነው። ሕግ የለም እንዳይመስላችሁ፤ የሕጋቸው መዝገብ ወፍራም ነው። ወላጅ ጠዋት አድርሶ ማታ ይመልሳል፤ በቀኑ ውስጥ ሌላ የሚጠበቅበት ነገር የለም። በፈረቃ ለሚሠራ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክፍያውም ብዙውን ጊዜ ከሌሎች የግል ትምህርት ቤቶች ያነሰ ነው።

ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። የለመድነው ዓይነት ትራንስክሪፕት የለም። ኮሌጅ መግባት የሚፈልግ ልጅ ምን ሲያደርግ እንደቆየ ራሱ መጻፍና ማስረዳት አለበት። ይህን የሚችል ልጅ አለ፤ የማይችልም አለ።

ቤትና ማዕከል

የቤት ትምህርት ሕጉ ከምታስቡት ይቀላል። ሜሪላንድ ውስጥ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ለካውንቲው ታሳውቃላችሁ። እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት፣ ሥዕል፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርት መማር አለባቸው። ካውንቲው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ የልጁን ሥራ ማየት ይችላል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ማሳወቅ፣ በቀጣዩ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ነው።

የቤት ትምህርት ሲባል እናት ሰሌዳ ፊት ቆማ ይታየናል። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ግን ሌላ መልክ አለው። ምዕራብ ማሳቹሴትስ ውስጥ ኖርዝ ስታር የሚባል ማዕከል አለ። በ1996 የመሠረቱት ከመንግሥት ትምህርት ቤት የወጡ ሁለት መምህራን ናቸው። ልጁ በሕግ ፊት የቤት ተማሪ ነው፤ ማዕከሉ ውስጥ ደግሞ አባል ነው። የፈለገው ክፍል ይገባል፣ ካልፈለገ አይገባም፣ አማካሪ አለው። ውጤትም ዲፕሎማም አይሰጥም። ይህን አሠራር የተከተሉ ማዕከላት ሌላም ቦታ ተከፍተዋል።

ክፍያው ቀለል ይላል። የቀረው ሰዓት ግን የእናንተ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ልጇን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ቤት አስቀመጠችው። ሌሊት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። ጠዋት ስትገባ እሱ ይነሳል፣ እሷ ትተኛለች። ካውንቲው የልጁን ሥራ የያዘ ማኅደር (ፖርትፎሊዮ) አምጪ ያላት ቀን ማታ ደወለችልኝ። ልጁ የሠራውን ሽሮ ፎቶ አንስታ «ጤና» በሚለው ሥር ለጥፋዋለች። ሳቅን፣ ከዚያ አለቀሰች። ልጁ ከድሮው ይልቅ ደስተኛ ነው። እሷ ግን ደክማለች። ይህ አማራጭ ርካሽ ነው የሚላችሁ ሰው ቤቱ የሚውል ሰው አለው ማለት ነው።

ወረቀቱ እዚህም ያሳስባል። የቤት ተማሪን ዲፕሎማ ስቴቱ አይሰጥም። ብዙ ቤተሰብ የሚሄድበት መንገድ ልጁን ገና በሃይስኩል ዕድሜው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጥቂት ኮርስ ማስጀመር ነው። እዚያ ያገኘውን ክሬዲት ማንም «ይህ ምንድን ነው?» አይለውም።

ቢግ ፒክቸር

እኔ ልቤ የወደደው ይህን ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ግን አላገኘሁትም። መነሻው ፕሮቪደንስ፣ ሮድ አይላንድ በ1996 የተከፈተው ሜት የሚባል ሃይስኩል ነው። የመንግሥት ስለሆነ አይከፈልበትም። ልጁ በሳምንት ሁለት ቀን በሚወደው ሙያ ሥራ ቦታ ይውላል፤ ጋራዥም ሆነ ክሊኒክ። በቀሩት ቀኖች ከአንድ አድቫይዘር (አማካሪ መምህር) ጋር ነው። ያው አድቫይዘር እነዚያኑ ጥቂት ልጆች ይዞ አራቱን ዓመት ይዘልቃል። ልጁ የሠራውን በወላጅና በመምህር ፊት ቆሞ ያቀርባል። ሲጨርስ የሃይስኩል ዲፕሎማ ይሰጠዋል። የወላጅ ሰዓት ከተለመደው ትምህርት ቤት ብዙ አይበልጥም። እንደዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት በአካባቢያችሁ ካለ ሌላውን ሳታዩ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ከሌለ ደግሞ የካውንቲያችሁ ሃይስኩል ኢንተርንሺፕን (የሥራ ልምምድን) በክሬዲት ይይዝ እንደሆነ አጣሩ።

ሞንተሶሪ

ብዙዎቹ የሞንተሶሪ ትምህርት ቤቶች 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ላይ ያቆማሉ። በዚህ ሥርዓት ለአሥራዎቹ ዕድሜ የታሰበው መሬት ላይ መኖርና መሥራት ነው። ሃንትስበርግ፣ ኦሃዮ የሚገኘው ኸርሺ ሞንተሶሪ በ2000 የእርሻ ትምህርት ቤት ከፍቷል፤ አዳሪም ይቀበላል። ልጆቹ ያመርታሉ፣ ይሸጣሉ፣ ሒሳቡን ይይዛሉ። እናቴ ብትሰማ «ከእርሻ ለማምለጥ አይደል እንዴ የተማራችሁት!» ትል ነበር። እዚህ ቀኑን የሚያዘጋጁት አዋቂዎች ናቸው፤ የሱድበሪን ባዶ ሰዓት ለሚፈራ ወላጅ ይመቻል። ኪስ ግን ይጎዳል።

እንግዲህ እኔ ብሆን፦ መከራከር ለሚወድና ራሱ ለሚጀምር ልጅ ሱድበሪ። ወንበር ላይ መቀመጥ ለማይሆንለት፣ እጁ ሥራ ለሚፈልግ ቢግ ፒክቸር። ከክፍል በጭንቀት ለሚሸሽ ልጅ ቤትና ማዕከል፣ ያውም ቀን ቤት የሚውል ሰው ካለ ብቻ። የግል ከሆነ ስቴቱ ያጸደቀው መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡ። ልጁ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ቢመለስ ስንተኛ ክፍል እንደሚገባም አስቀድማችሁ ካውንቲውን ጠይቁ። ለጉብኝት ስትሄዱ ደግሞ ዳይሬክተሩን ተዉትና አንድ የ16 ዓመት ልጅ ፈልጋችሁ ትናንት ምን ሲያደርግ እንደዋለ ጠይቁት።

ሱድበሪዎች ከምዝገባ በፊት ልጁ አንድ ሳምንት ያህል ገብቶ እንዲያየው ያደርጋሉ። የእኔዋ በሚያዝያ ትገባለች። አባቷ እስከ አሁን «ለጌም አልከፍልም» እያለ ነው። እሷ የሳምንቱን ዕቅድ በወረቀት ጽፋ ፍሪጅ ላይ ለጥፋለች። ሰኞ ባዶ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «መጀመሪያ ልያቸዋ» አለችኝ።