ጊልክሪስት ወይስ ዶኒ?

በድሬዳዋ፣ ከዚራ ጥላ ሥር ክሪኬት በስልክ የምታዩ፣ ከመቺው ጀርባ ጓንት አጥልቆ ለሚቆመው ተጫዋች አርአያው ማን ይሁን?

የአውስትራሊያው ጊልክሪስት ቡድኑ ኳስ የመምታት ተራው ሲደርስ ቀድሞ ገብቶ ጨዋታውን ከፍቶ ይደበድብ ነበር። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ስሪላንካ ላይ 149 ሩጫ (ነጥብ) አስቆጥሯል። አደጋው፣ እንዲህ ያለ መቺ ቶሎ ከጨዋታ ከወጣ ቡድኑ ገና በጠዋቱ ይናጋል።

የሕንዱ ዶኒ ዘግየት ብሎ ገብቶ፣ ተረጋግቶ ይጨርስ ነበር። የ2011ን ፍጻሜ ስድስት ሩጫ በሚያስገኝ አንድ ምት የዘጋው እሱ ነው። እጁ ደግሞ፣ አቦ፣ ሌላ ነው! ሌሎች ኳሷን ሲይዙ እጃቸውን ወደኋላ ይስባሉ፤ እሱ አይስብም ነበር። የተጋጣሚው መቺ ከመቆሚያ መስመሩ ትንሽ ወደፊት ከራቀ፣ ዶኒ በያዛት ኳስ ከመቺው ኋላ የተተከሉትን እንጨቶች መታ፣ መቺውም ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። በአንድ ቀን በሚያልቁ ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች፣ በተጫዋችነት ዘመኑ በድምሩ 123 መቺዎችን እንዲህ አስወጥቷል።

ደፋር ከፋች ለሌለው ቡድን ጊልክሪስት ይሻላል። እንደ ድሬ ደረቅና አቧራማ ሜዳ ላይ ግን ኳስ ስለሚጠማዘዝ ከኋላ ፈጣን እጅ ያስፈልጋል፤ እኔ ዶኒን እመርጣለሁ።