በኢስታንቡል የኦቶማን ሊቃውንትን ፈለግ የሚከተል የእግር ጉብኝት

በሱለይማንዬ መስጊድ ዙሪያ የኦቶማን ዘመን ሊቃውንትንና የታሪክ ጸሐፊዎችን ሕይወት የሚተርክ የግማሽ ቀን የእግር ጉብኝት በቅርቡ ሄጄ ነበር፤ የከፈልኩት ገንዘብ አልቆጨኝም። አስጎብኚው የኦቶማኑ አርክቴክት ሚማር ሲናን እ.ኤ.አ. ከ1550 እስከ 1557 ባነጸው ግቢ ያሉትን መድረሳዎች እያሳየ፣ አንድ ተማሪ ከመምህርነት እስከ ዳኝነት እንዴት ይሾም እንደነበር አስረዳን።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ታሽኮፕሩዛዴ ነው። የኢስታንቡል ዳኛ ሳለ ዓይኑ ቢጠፋም፣ የሊቃውንትን የሕይወት ታሪክ የያዘውን ዝነኛ መጽሐፉን በቃሉ እያስጻፈ በ1558 ፈጽሟል። ይህን የሰማነው መድረሳው ደጃፍ ላይ ቆመን ስለነበር፣ ጸሐፊው እግሩ ሥር ተቀምጦ ብዕሩን ሲያጠቅስ የማየው ያህል ተሰማኝ።

በ1609 የተወለደው ካቲብ ቼለቢም በሚገባ ተተርኳል፤ በሒሳብ ጸሐፊነት ከሠራዊቱ ጋር ሲዘምት በሐለብ (በሶርያዋ አሌፖ) መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ያገኛቸውን ርእሶች መመዝገብ ጀምሮ፣ ኋላ 14,500 ያህል ሥራዎችን የያዘ መዝገብ አዘጋጅቷል፤ ከውርስ ያገኘውንም ገንዘብ ለመጻሕፍት አውሎታል።

ቅር ያሰኘኝ ግን የሐለቡ ተወላጅ፣ የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊው ናኢማ በሁለት ዓረፍተ ነገር መታለፉ ነው። ከሃያ ሰው በላይ በአንድ ቡድን መመራቱም ከኋላ ለቆምነው ትረካውን በከፊል አሳጥቶናል፤ ስለዚህ የምትሄዱ ከሆነ ከአስጎብኚው አጠገብ ቁሙ።